ስልጆውና የዘለልኩት መስመር

ከአንድ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ዘለልኩ። ያደረግኩት ይኸው ነው። ሰው አልደበደብኩም፤ የሰው ድንበር አልገፋሁም። ነገር ግን በዕድሜዬ ካጠፋሁት ሁሉ እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይኸ ስለሆነ፣ ሳልቀንስና ሳላሳምር እጽፈዋለሁ።

ፈንታሁን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስ ከሚያበቅል ቤት ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ሰው ከጣላቸው የመድኃኒት ወረቀቶች ነው። ገበያው አጠገብ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ገመድና ላስቲክ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ሰው ግን ወደ እኔ የሚመጣው ለባልዲ ብቻ አልነበረም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የፀረ አረም ጠርሙስ፣ ከውጭ የመጣ የሥራ ውል ይዞ ይመጣና «አያ ፈንታሁን፣ ምን ይላል?» ይለኛል። አነብለታለሁ። ገንዘብ አልቀበልም፤ ግን ሳልመክር አልለቀውም ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት እወድ ነበር። ልጆቼንም እንደዚያው በተግሣጽ አሳደግኩ።

ትልቋ ልጄ የሻረግ አራት ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። የገባች ዕለት «እንኳን በሰላም መጣሽ፤ እንግዲህ ሥርዓት ያዢ» አልኳት። አራቱን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈች አልጠየቅኳትም። ሱቄ ውስጥ ዕቃ እንድታስተካክል አስገባኋት።

ነገሩ የሆነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሳምንት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከባሕር ዳር ዕቃ የሚያመጣልኝ ሞገስ የሚባል ነጋዴ አዲስ ዓይነት የምግብ ከረጢት ይዞ መጣ። ወፈር ያለ፣ አፉ ተጭኖ የሚዘጋ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ላስቲክ ነው።

«ይኸ ተራ ላስቲክ አይደለም አያ ፈንታሁን። ናኖ ነው» አለኝ።

«ናኖ ምንድን ነው?»

«ብር አለበት፤ ጌጥ የሚሠራበት ብር። ግን ዓይን አያየውም። ጀርም ይገድላል። ምግብ ቢከርም አይሻግትም።»

«ከምግቡ ጋር ይበላል ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወረቀቱ ውስጡ አለ። አንተ አይደለህ አንባቢው» ብሎ ሳቀ።

እንደዚያ መባሌን ወደድኩት። ብዙ እሽግ ወሰድኩ። ወረቀቱንም መዝገበ ቃላቴን ይዤ ሁለት ቀን አነበብኩት። «ናኖ» የሚለው ቃል በእኔ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም፤ ከወረቀቱ አካሄድ ግን በጣም ረቂቅ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ብሩ ዱቄት ከሚባለው በላይ ደቆ ላስቲኩ ውስጥ ተቀላቅሏል። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ነበር፦ ለደረቅና ለቀዝቃዛ ምግብ ብቻ፤ ለትኩስ፣ ለጎምዛዛና ለቅባታም ምግብ አይሁን፤ ዳግመኛ አይጠቀሙበት።

ይህን አነበብኩና ደነገጥኩ። የእኛ ምግብ ወይ ይጎመዝዛል፣ ወይ ቅባት አለው፣ ወይ ሲፋጅ ነው የሚቀዳው። ላስቲክም በእኛ አገር አንዴ ተይዞ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። መስመሩ ከተነገረ ከረጢቱን የሚገዛ የለም። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሴቶች መጡ። የማኅበራቸው መሪ እማሆይ ጽጌ ናቸው፤ ያስተማሩኝ ያህል የማከብራቸው መነኩሲት፣ ዓይናቸው የደከመ። እነዚህ ሴቶች በየዓመቱ ጾሙ ሳይገባ ስልጆ ሠርተው፣ በሶ ጨምረው፣ ጣራ ገዳም ላሉት መነኮሳት ይወስዳሉ። ስልጆው የሱፍ ውኃና የባቄላ ዱቄት በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ እስኪጎመዝዝ የሚከርም የጾም ምግብ ነው። አምና መንገድ ላይ እንስራው ተሰብሮባቸው ነበር።

«ፈንታሁን፣ ከረጢቱ ለስልጆ ይሆናል?» አሉኝ እማሆይ።

«ወረቀቱን ላንብብልዎትና ይፍረዱ» አልኩ።

ከመሳቢያው አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እንደማይሻግት አነበብኩ። ጀርም እንደሚገድል አነበብኩ። ረቂቅ ብር እንዳለበት አነበብኩና ከወረቀቱ የሌለ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፦ «ብር ንጹሕ ነው እማሆይ። ጽዋውስ ከብር አይሠራም?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘውዲቱ የምትባል ጨዋታ ወዳድ ሴት አለች፤ «እንግዲህ መነኮሳቱ ከብር ዕቃ ሊበሉ ነው። እኛ ዓለማውያኑ በቅል እንቀራለን» አለች። ተሳሳቁ። ወረቀቱን አጠፍኩ።

«አባባ፣ ከታች አንድ መስመር ቀርቷል» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

የሻረግ ባልዲ እየደረደረች ነበር። ከእሽጉ አንዱን ፈትታ፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት ይዛለች።

«የቱ ነው የቀረው?» አልኳት። የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ለጎምዛዛ ምግብ አይሁን የሚለው። ስልጆ ደግሞ…»

«እንግሊዝኛውን የተማርሽው ሰሃን ስታጥቢ ነው?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለገዛ ልጄ። ሴቶቹ ሳቁ። ዘውዲቱም «ዐረብ አገር የሄደች ሁሉ አስተርጓሚ ሆና ነው የምትመለስ» አለች።

እማሆይ ግን አልሳቁም። «ምን አለች ልጅቱ?» ብለው ጠየቁኝ።

ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ። ጨርሶ አልተጣደፍኩም። «ከተጠቀሙ በኋላ የት እንደሚጣል ነው የሚያወራው እማሆይ። ለእኛ አይረባም» አልኩ።

የሻረግ አየችኝ። ባልዲውን አስቀምጣ ወጣች። ሴቶቹም ከረጢቱን ይዘው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ቤት ስገባ ልጄ ከእናቷ ከጥሩወርቅ ጋር ማድ ቤት ነበረች። እርሾ ለምና ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን በማሰሮ፣ ግማሹን በዚያ ከረጢት አደረገች። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ዓርብ ጠዋት ጤፍ በሁለት ሳህን አቡክታ፣ ለአንዱ የማሰሮውን፣ ለሌላው የከረጢቱን እርሾ ጨመረች፤ ሁለቱን መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። እኔም የተቆጣሁ መስዬ ዋልኩ፤ ቁጣ ለእኔ ጥሩ መሸሸጊያ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠራችኝ። በማሰሮው እርሾ የተቦካው አረፋ ሠርቶ ኩፍ ብሏል። የከረጢቱ ጭጭ ብሎ ተኝቷል። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ አሸተተችና «ይኸ እርሾ ሞቷል» አለች።

«ብርድ ነው» አልኩ።

«አንድ መደርደሪያ ላይ እኮ ናቸው አባባ» አለች የሻረግ።

«እና መርዝ ነው ልትይኝ ነው?»

«አላልኩም። አላውቅም። የሠሩትም ጠንቅቀው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ይኸ የእኔ ሙከራ ደግሞ የሊቅ ሥራ አይደለም፤ ተሳስቼ ይሆናል። ግን ከላስቲኩ ወጥቶ የሚገባ ነገር ያለ ይመስላል። እነሱም አታድርጉ ብለው ጽፈዋል። እርስዎ ግን ለሴቶቹ እንደሚያውቅ ሰው ሆነው ነው የነገሯቸው።»

ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየችኝ። «ጽፈዋል?» አለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ሴቶቹን ወደ ገዳሙ የሚወስደው መኪና የሚነሣው ሦስት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው። በመንገዴ ሁሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። «ወረቀቱን ደግሜ ሳየው…» ብዬ ልጀምር አሰብኩ። ይኸም ውሸት እንደሆነ ያኔ አልታየኝም። ስደርስ ከረጢቶቹ በካርቶን ተደርድረው መኪናው ላይ ተጭነዋል። ስልጆው ለብ እንዳለ ነው የተቀዳው፤ ከረጢቱ በውስጥ ወዝቷል። እማሆይ ጋቢና ገብተዋል።

«መጣህ? ልትሸኘን ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ልጄ፣ የሰጠኸን ዕቃ ግሩም ነው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ስምህን ለአባቶች እነግራለሁ፤ በጸሎት ያስቡሃል።»

አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ወትሮው ልመክራቸው ነው ብለው። እኔም መከርኳቸው። «ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍኑት» አልኩ።

ሸፈኑት። መኪናው ሄደ።

ዞር ስል የሻረግ ከበሩ ቆማለች። «ነገሯቸው?» አለችኝ።

«ፀሐይ እንዳያገኘው ነገርኳቸው።»

ትስቅብኛለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አንዱንም አላደረገችም። «እንግዲያስ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ የምከተል ሰው አልነበርኩም፤ ሰው ነበር የሚከተለኝ። ተከተልኳት።

ወረታ ወርደን ሌላ መኪና መያዝ ነበረብን። መኪናው እየሞላ እስኪነሣ ብዙ ጠበቅን። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሷ መስኮቱን። ወደ አዲስ ዘመን ስንጓዝ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«የምሠራበት ቤት ትንሽ ልጅ ነበረች። ለውዝ አይስማማትም። እመቤቲቱ የገባውን የታሸገ ምግብ ሁሉ አንብቢ አለችኝ። እንግሊዝኛውንም ዐረብኛውንም የተማርኩት ለዚያ ነው። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ብስኩት ሳላነብ ሰጠኋት። ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ቤት አድርሰዋት ዳነች።»

«አንቺስ?»

«እመቤቲቱ መታችኝ። ዱላውን ረሳሁት። የልጅቱን ትንፋሽ ነው ያልረሳሁት። ከዚያ ወዲህ መስመር አልዘልም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም አባባ።»

እኔ ከመዝገበ ቃላት የተማርኩትን እሷ በሰው ልጅ ነፍስ ላይ ነው የተማረችው። በሴቶቹ ፊት የሰደብኳት ደግሞ በዚያው ነው።

ከአዲስ ዘመን ወደ ገዳሙ ሽቅብ ነው። በባጃጅ የሚኬደውን ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣን። አሁን ደርሰው አስረክበው ይሆናል፣ አባቶች ቀምሰውት ይሆናል እያልኩ ነበር የምረግጠው። በልቤ ጥግ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደርሰው በሆነና መናገር በቀረልኝ የሚል ሐሳብ ነበር።

ገና አላስረከቡም ነበር። ከገዳሙ በታች ካሉት ዛፎች ሥር ካርቶኖቹን አውርደው፣ ከገዳሙ የሚወርደውን አባት እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ዘውዲቱ ቀድማ አየችን። «ሸኚያችን ደረሰብን። ፀሐዩን ሊያጣራ መጣ» አለች።

እማሆይ ፊት ቆምኩ። «እማሆይ፣ ሐሙስ ዕለት ሳነብልዎ አንድ መስመር አስቀርቻለሁ። ለጎምዛዛ ምግብ አይሁን ይላል። ለትኩስም አይሁን ይላል» አልኩ።

«ልጅቱ ያለችው ይኸን ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ሰው ይገድላል?»

«አላውቅም።»

«ሐሙስ ታውቅ ነበር» አሉኝ።

ድምፃቸው አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ የተናገረኝ ሰው ሁሉ ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እንደዚያች ቃል አይከብደኝም ነበር።

ሴቶቹ መንጫጫት ጀመሩ። አንዷ እንዲሁ እንስጣቸውና ዝም እንበል አለች፤ ሌላዋ ደረቁን በሶ ብቻ እንስጥ አለች። አንዷም «ሰው እንግዳ የሚያከብረው ምንነቱን የሚያውቀውን እያበላ ነው» አለች። ዘውዲቱ እጇን እያሸች «ክንዴ እስኪዝል የወቀጥኩት ሰናፍጭ» ብላ ካርቶኑን አየችው። በዚህ መካከል አንድ አረጋዊ መነኩሴ ወርደው መጡ። ባረኩንና ወደ ካርቶኖቹ አዩ።

እማሆይ ቀድመው ተናገሩ። «አባ፣ ዘንድሮ በሶውን ብቻ ነው የምናስረክበው። ስልጆው የገባበት ዕቃ የማይሆን ሆነ። ያነበበልን ሰው ተሳስቶ ነው።»

ስሜን አልጠሩም። ሸፈኑኝ። ዝም ብል ነገሩ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ሊያልፍ ነው። የሻረግ ከአጠገቤ ቆማለች፤ ግን አላየችኝም፤ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ሐሙስ ዕለት መልስ ለመስጠት ጊዜ እንደነበረኝ ሁሉ አሁንም ጊዜ ተሰጠኝ።

«አልተሳሳትኩም አባ» አልኩ። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። መስመሩን እያየሁት ነው የዘለልኩት። ከረጢቱ እንዲሸጥልኝ ብዬ ነው። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። ያየችውና የተናገረችው ይህች ልጄ ናት፤ በሰው ፊት ሰድቤ አስወጣኋት።»

መነኩሴው እኔን ትተው እሷን አዩ። «ስምሽ ማነው?» አሏት።

«የሻረግ።»

«ተባረኪ» አሉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ስልጆው ይቅር። እኛ እዚህ የተሰበሰብነው ላለመብላት ነው፤ አንጎዳም። ልፋታችሁን ግን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ» አሉ። ለእኔ መስቀላቸውን ዘረጉልኝና ተሳለምኩ።

ስልጆው የሚደፋበትን ጉድጓድ እኔ ቆፈርኩ። የሻረግ በቅርብ ካለው ምንጭ እንድንርቅ ነግራን ቁልቁል ወርደን ነበር። ከረጢቱን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ደፋሁት። የሰናፍጩ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ። ዘውዲቱ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ ልጄ ሄዳ «እቴ፣ ሐሙስ ስለ ሳቅኩት…» አለቻት። የሻረግ «ያስቃል እኮ፣ አባባ ሲሳደቡ ያስቃል» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔ መድፋቴን ቀጠልኩ።

አንባቢዎቼ፣ ናኖ የተባለው ነገር ክፉ ነው ብዬ እዚህ ብጽፍ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። ጥቅም እንዳለው፣ ከላስቲክ ወደ ምግብ ምን ያህል እንደሚወጣና ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን ገና እየተመረመረ ያለ ነገር መሆኑን ነግረውኛል። ነገሩ ይጉዳ አይጉዳ እኔ አልመሰክርም። የምመሰክረው ይህን ነው፦ ሰው የማያውቀውን ነገር ለመብላት ወይም ላለመብላት መምረጥ የራሱ ነው፤ እኔ ያን ምርጫ ከእነዚያ ሴቶችና ከመነኮሳቱ ሰርቄያለሁ። የሰረቅኩት ደግሞ በማላውቀው ነገር ላይ እንደሚያውቅ ሰው እየተናገርኩ፣ የቤተ ክርስቲያንን ጽዋ ምስክር እየጠራሁ ነው። «አላውቅም» የሚለው ቃል ሐሙስ ጠዋት አፌ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት ጉድጓድ ባልገባ።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ደቃቁን ፊደል ለገዢው አንብቡለት። ገዢዎችም «ከግርጌ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንባቢያችሁ የተከበረ ሰው ቢሆንም ጠይቁ፤ ይልቁንም የተከበረ ከሆነ ጠይቁ። አባቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ በሰው ፊት ስታርማችሁ የሚወጋችሁ ነገር እውነቱ ይሁን ክብራችሁ፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ መርምሩ። እኔ ሳልመረምር ከፍቼው ነው።

ከረጢቶቹን ለሞገስ መለስኩለት። «ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ እየሸጠው ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ወረቀት ይዞ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ቀንሷል። ከሚመጡትም አንዳንዶቹ ገና ከደጅ «የሻረግ አለች?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያመኝ ነበር። ተገቢ ስለሆነ ለመድኩት።

የሻረግን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «እሺ አባባ» ብላኛለች። ይቅር ማለቷ ይሁን መታዘዟ አላውቅም፤ ያሳደግኳት እንድትታዘዝ ነውና። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅኳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስለ አራቱ ዓመት እንድትነግረኝ፣ ዐረብ አገር ከገባችበት ቀን ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር። አልመክራትም፤ አላቋርጣትም። አንዳንድ እሑድ ጥቂት ተናግራ ዝም ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ብዙ እሑድ አልፏል። እስካሁን የመጀመሪያውን ዓመት አልጨረስንም።